ሴሽን፦ ድረ ገጽ በብዙ መስኮቶች መካከል እንዴት ያውቀናል?

በአንድ ታብ ሎግ ኢን አድርገን ሌላ ታብ ብንከፍት ድረ ገጹ ያውቀናል። ፓስወርድ ድጋሚ አይጠይቅም። ከመልመዳችን የተነሳ ልብ ባንለውም፣ ድሩ የቆመበት ደንብ ግን ይህን በራሱ አይችልም። ኤችቲቲፒ የሚባለው ይህ ደንብ ትውስታ የለውም። ብራውዘሩ ይጠይቃል፣ ሰርቨሩ (ድረ ገጹ ያለበት ኮምፒውተር) ይመልሳል፣ በቃ። ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ከዚያው ሰው ይሁን ከሌላ ደንቡ አይለይም።

ክፍተቱን የሞላው ኩኪ ነው፤ ሰርቨሩ ልኮት ብራውዘሩ የሚያስቀምጠው ትንሽ መረጃ። በ1994 እ.ኤ.አ. ሉ ሞንቱሊ የተባለ፣ የብራውዘር ሠሪው የኔትስኬፕ ኩባንያ መሐንዲስ ፈጠረው። አሠራሩ ቀላል ነው። ሎግ ኢን ስናደርግ ሰርቨሩ ማንም ሊገምተው የማይችል ረጅም ቁጥር ያወጣና «ሴት-ኩኪ» በሚል መስመር ለብራውዘሩ ይልካል። ብራውዘሩም ከዚያ በኋላ ወደዚያ ድረ ገጽ በሄደ ቁጥር ቁጥሩን ይዞ ይሄዳል። ሰርቨሩ መዝገቡን ገልጦ የማን እንደሆነ ያያል። በዚህ ቁጥር የተያያዘው የጥያቄና መልስ ሰንሰለት ነው ሴሽን የሚባለው።

ዋናው ነገር ይኸውላችሁ፦ ኩኪው የሚቀመጠው በብራውዘሩ እንጂ በመስኮቱ አይደለም። አሥር ታብ ቢከፈት አሥሩም የሚልኩት ያንኑ ቁጥር ነው። ሰርቨሩ የትኛው ጥያቄ ከየትኛው ታብ እንደመጣ ከኩኪው ማወቅ አይችልም። የግል መስኮት ስንከፍት እንግዳ የምንሆነው ብራውዘሩ ለእሱ የተለየ የኩኪ ማስቀመጫ ስለሚሰጠው ነው። በአንድ ብራውዘር ውስጥ የተለያየ ፕሮፋይል መክፈትም እንደዚያው ይለያል።

ብዙ ስህተት የሚወለደው እዚህ ላይ ነው። አንድ ሰው የአውሮፕላን ትኬት እየፈለገ ነው እንበል። በመጀመሪያው ታብ የጠዋቱን በረራ ከፈተ። ለማወዳደር በሁለተኛው ታብ የማታውን አየ። ከዚያ ወደ መጀመሪያው ተመልሶ «ግዛ» አለ። ፕሮግራመሩ «የተመረጠው በረራ» የሚለውን በሴሽን ውስጥ አስቀምጦት ከነበረ፣ ሁለተኛው ታብ ከላዩ ጽፎበታል። ሰውዬው ስክሪኑ ላይ የጠዋቱን እያየ የማታውን ይገዛል። ጥፋቱ የተጠቃሚው አይደለም፤ ሁለት ታብ መክፈት መብቱ ነው። በሴሽን ውስጥ መቀመጥ ያለበት ሰውዬው ማን እንደሆነ ነው። ምን እያየ እንደሆነ ግን ከገጹ ጋር፣ በአድራሻው ወይም በፎርሙ ውስጥ መሄድ አለበት።

ከዚህ የባሰም አለ። በመጀመሪያው ታብ በአንድ አካውንት ገብተን፣ በሁለተኛው ወጥተን በሌላ አካውንት ብንገባ፣ የመጀመሪያው ታብ አሁንም የድሮውን ስም ያሳያል። ኩኪው ግን ተቀይሯል። እዚያ «አስቀምጥ» ብንል ጽሑፉ ሌላኛው አካውንት ውስጥ ሊገባ ይችላል። የተጠነቀቀ ሲስተም ፎርሙ የማን እንደነበር ይፈትሽና ካልገጠመ እምቢ ይላል።

ታብን ከታብ መለየት ሲያስፈልግ ብራውዘሩ ራሱ ማስቀመጫ አለው። ሴሽን ስቶሬጅ ለእያንዳንዱ ታብ ለብቻው ነው፤ ታቡ ሲዘጋ ይጠፋል። ሎካል ስቶሬጅ ደግሞ የአንድ ድረ ገጽ ታቦች ሁሉ የሚጋሩት ነው። አንዱ ታብ እዚያ ላይ ሲጽፍ ለሌሎቹ ምልክት ይደርሳቸዋል። በአንድ ታብ ሎግ አውት ስንል ሌሎቹም ወዲያው የሚወጡት ብዙ ጊዜ በዚህ ዘዴ ነው። ስማቸው ያደናግራል እንጂ ሴሽን ስቶሬጅ ከሰርቨሩ ሴሽን ጋር ዝምድና የለውም።

ሴሽን ዕድሜም አለው። ብዙ ድረ ገጾች የተሠሩበት የፕሮግራም ቋንቋ ፒኤችፒ በነባሪነት 1440 ሰከንድ፣ ማለትም 24 ደቂቃ ሙሉ ያልተነካን ሴሽን ሊያጠፋው ይችላል። መስኮቱን መዝጋት ግን ከሴሽን መውጣት አይደለም። ብራውዘሩን ሙሉ በሙሉ ብንዘጋው እንኳ፣ «ካቆምኩበት ቀጥል» የሚለው ምርጫ በርቶ ከሆነ የሴሽን ኩኪዎቹም አብረው ይመለሳሉ። በጋራ ኮምፒውተር ላይ ሎግ አውት ማለት የግድ ነው።

የሴሽን ቁጥሩ ሌላ ሰው እጅ የገባበት ሰው አካውንቱ እንደተወሰደበት ይቁጠረው። ስለዚህ ኩኪው በተመሰጠረ መስመር ብቻ እንዲሄድ፣ ጃቫስክሪፕትም (በገጹ ውስጥ የሚሠራው ፕሮግራም) እንዳያነበው ይደረጋል። ሎግ አውት ሲባልም ኩኪውን ከብራውዘሩ ማጥፋት ብቻ አይበቃም። ሰርቨሩ ቁጥሩን ከራሱ መዝገብ ካልሰረዘው፣ ቀድሞ የቀዳው ሰው አሁንም ይገባበታል።