መርፌ ማህፀን አያደርቅም

«መርፌው ማህፀኗን አደረቀው» ይባላል፣ የእርግዝና መከላከያ መርፌ ስለተወጋች ሴት። ከዘጌ በጀልባ ተሻግራ ባህር ዳር የምትታከም ሴት ትለዋለች፤ ከተማው ውስጥ ተወልዳ የተማረችውም ትለዋለች። አማት ስትለው ደግሞ ትዳር ይናጋል። ስለ መከላከያና ስለ እርግዝና የሚነገሩት ሌሎቹ ስህተቶች ከታች በአጭሩ ያልፋሉ፤ ይሄኛው ግን ከሥሩ መነቀል አለበት።

የሦስት ወሩ መርፌ፣ ዲፖ የሚባለው፣ 150 ሚሊግራም ሜድሮክሲፕሮጄስትሮን ነው። ሰውነት ራሱ ከሚያመነጨው ፕሮጄስትሮን ጋር ይመሳሰላል። ዋና ሥራውን የሚሠራው ማህፀን ላይ ሳይሆን አንጎል ላይ ነው። በሌላ ጊዜ ሃይፖታላመስ የሚባለው የአንጎል ክፍል ከሥሩ ያለውን ፒቱታሪ እጢ ይቀሰቅሳል፤ ፒቱታሪ ደግሞ ኤፍኤስኤች እና ኤልኤች የሚባሉ ሆርሞኖችን በደም ይልካል። በመጀመሪያው እንቁላል ይጎለምሳል፣ ሁለተኛው በድንገት ሲያሻቅብ እንቁላሉ ይለቀቃል። መርፌው የሚያስቀረው ይህን ማሻቀብ ነው። እንቁላሎቹ እዚያው አሉ፤ አልተቃጠሉም፣ አልደረቁም።

ወር አበባ ሲቀር «ደሙ ሆዴ ውስጥ ተጠራቀመ» የሚባለውም እንዲሁ ነው። ወር አበባ ማለት በየወሩ የሚወፍረው የማህፀን ሽፋን ሲፈርስ የሚወርደው ደም ነው። በመርፌው ጊዜ ሽፋኑ ስለሚሳሳ የሚፈርስ የለም፤ የሚጠራቀምም የለም። ደሙን ያወርዳል ተብሎ የሚጠጣ ነገር ሁሉ የሚያወርደው ደም ስለሌለ አይጠቅምም።

ታዲያ ወሬው ከየት መጣ? ከመዘግየቱ። መድኃኒቱ ጡንቻ ውስጥ ተቀምጦ ቀስ እያለ ስለሚሟሟ፣ የቀጠሮው ሦስት ወር ካለፈም በኋላ ለወራት ደም ውስጥ ይቆያል። መርፌ ካቆሙት ግማሾቹ የሚያረግዙት ከመጨረሻው መርፌ በኋላ ባለው 10 ወር ገደማ ውስጥ ነው፤ ዓመት ተኩል የሚፈጅባቸውም አሉ። «አምስት ዓመት ስለተወጋሁ ነው» የሚሉትም ተሳስተዋል፦ የመርፌው ብዛት መዘግየቱን አያረዝመውም። በሚመጣው ዓመት ልጅ የምትፈልግ ሴት መርፌውን ቀደም ብላ ትታ ወደ ክኒን ወይም በክንድ ወደሚቀበረው ትቀይር፤ እነዚህ ሲቆሙ የማርገዝ አቅም ቶሎ ይመለሳል። ይህን ሳይነግር መርፌ የሚወጋ ባለሙያ ለወሬው ተባባሪ ነው። ሴትዮዋ ስድስት ወር ጠብቃ ስታጣ ማንን ትመን?

እውነተኛ ጉዳቶቹም አይደበቁ። በመጀመሪያዎቹ ወራት ወር አበባን ያዛባል፣ ክብደት ሊጨምር ይችላል፣ የአጥንት ጥንካሬን ትንሽ ይቀንሳል፤ ሲቆም የአጥንቱ በአብዛኛው ይመለሳል። ከኤችአይቪ አይከላከልም።

«ቀኔ አንድ ቀን ካለፈ አበቃልኝ» ብለው የሚቀሩም ብዙ ናቸው። ቀጠሮው 13 ሳምንት፣ ማለትም 91 ቀን ነው። ጥቅምት 12 የተወጋች ጥር 13 ትመለሳለች። ጳጉሜን መሃል ከገባች ግን ቀኑ ቀደም ይላል፦ ጳጉሜን አምስት ቀን ስትሆን ሐምሌ 12 የተወጋች ቀጠሮዋ ጥቅምት 8 ነው፤ «12 ነኝ» ብላ ብትቆይ አራት ቀን ዘገየች ማለት ነው። ይህ አያስደነግጥም፤ እስከ አራት ሳምንት የዘገየች ሴት ያለ ምንም ተጨማሪ መከላከያ ትወጋለች። ለቅሶ ላይ ሆና፣ ወይም ጀልባ አጥታ ዘገየች ተብሎ መመለስ የለባትም። ከአራት ሳምንት ካለፈ እርግዝና አለመኖሩ ይጣራል፣ ትወጋለች፣ ለሰባት ቀን ኮንዶም ይጨመርበታል። የተወጋችበትን ቦታ አትሸው፤ መድኃኒቱ ቶሎ እየተመጠጠ ጊዜው ያጥራል።

ፖስትፒል፣ ከግንኙነት በኋላ የሚወሰደው ድንገተኛ መከላከያ ክኒን፣ ውርጃ አይደለም። 1.5 ሚሊግራም ሌቮኖርጄስትሬል ነው፣ ከግንኙነቱ በ72 ሰዓት ውስጥ ይወሰዳል፣ በቶሎ ሲወሰድ ይበልጥ ይሠራል። የእንቁላሉን መለቀቅ ያዘገያል፤ የተፈጠረ እርግዝናን አይነካም። በሁለት ሰዓት ውስጥ ካስመለሳት ደግማ ትውሰድ።

«ጡት እያጠባሁ አላረግዝም» የሚለው በከፊል እውነት ነው። ፕሮላክቲን የሚባለው የወተት ሆርሞን የአንጎሉን ትእዛዝ ያግዳል፤ ግን ሦስቱም ሲሟሉ ብቻ፦ ሕፃኑ ከስድስት ወር በታች ሲሆን፣ ከጡት ሌላ ውሃም አብሽም ሳይቀምስ ቀንና ሌሊት ሲጠባ፣ ወር አበባም ሳይመለስ። አንዱ ከጎደለ መከላከያ ያስፈልጋል።

እንቁላል ሁልጊዜ በ14ኛው ቀን አይለቀቅም። የሚለቀቀው ከሚቀጥለው ወር አበባ 14 ቀን ገደማ በፊት ነው፤ ዑደቷ 35 ቀን የሆነች ሴት 21ኛውን ቀን ትጠብቅ።

የልጁን ጾታ የሚወስነው የአባትየው ዘር ነው።

እርግዝና በዘገየ ቁጥር እሷን ብቻ ይዞ ሆስፒታል መመላለስም ይቁም። ከሦስት ጥንዶች ቢያንስ በአንዱ ችግሩ፣ ወይም የችግሩ ከፊል፣ ባልየው ዘንድ ነው። መርፌ ካቆመች ዓመት ተኩል ካለፈ ሁለቱም አብረው ይመርመሩ፤ የእሱ ምርመራ ደግሞ ቀላሉ ነው። ከሁለት እስከ ሰባት ቀን ከግንኙነት ይታቀባል፣ ዘሩን ላብራቶሪው በሚሰጠው ንጹሕ ዕቃ ያስቀምጣል። ቤት ከሰጠ ዕቃውን ከልብሱ ሥር ሰውነቱ ላይ አስጠግቶ፣ ሳያቀዘቅዝ፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ያድርስ። አንድ ውጤት መጥፎ ከሆነ ከሦስት ወር ገደማ በኋላ ይደገማል፤ አዲስ ዘር ተመርቶ ለመጎልመስ ያን ያህል ጊዜ ይፈጅበታል።