ካባላ «እግዚአብሔር ዓለምን ትቶ ሄደ» አይልም

ስለ አይሁድ ምሥጢራዊ ትምህርት ስለ ካባላ በተነሳ ቁጥር «እነሱ እኮ እግዚአብሔር ዓለምን ሊፈጥር ቦታውን ለቆ ሄደ ነው የሚሉት» የሚል ሰው አይጠፋም። የሃይማኖት ታሪክ በማስተምርበት ክፍል ተማሪዎች በፈተና ወረቀት ላይ ሳይቀር ይጽፉታል። ሰልችቶኛል።

ትንንሾቹን ስህተቶች ላስቀድም። አሥሩ ሰፊሮት አሥር አማልክት አይደሉም፤ ኤን ሶፍ የተባለው ፍጻሜ የሌለው አምላክ በጥበብ፣ በምሕረት፣ በፍርድ እየሆነ የሚገለጥባቸው ናቸው። ካባላን የሚቀበለውም ሁሉም አይሁዳዊ አይደለም። ቤተ እስራኤል ኦሪትን በግዕዝ እያነበቡ ለዘመናት ሲኖሩ አያውቁትም ነበር።

ወደ ዋናው ልምጣ። ይህ «ቦታውን ለቆ ሄደ» የሚባለው ነገር የመጣው ጽምጹም («መሰብሰብ») ከሚባለው ትምህርት ነው፤ ትምህርቱን ያስፋፉት በ1570 እ.ኤ.አ. ገሊላ ውስጥ ጽፋት ገብተው ከሁለት ዓመት በኋላ የሞቱት ይስሐቅ ሉሪያ ናቸው። ደቀ መዝሙራቸው ሐዪም ቪታል እንደጻፉት፣ ከፍጥረት በፊት የኤን ሶፍ ብርሃን ሁሉን ሞልቶ ነበር፤ ባዶ ስፍራ አልነበረም። እግዚአብሔር ለመፍጠር በፈቀደ ጊዜ ብርሃኑ ከመካከል ወደ ዳር ተሰበሰበ፤ ክብ ባዶ ቦታም ተገኘ። ሰው ሁሉ እዚህ ላይ ያቆማል! ትምህርቱ ግን ይቀጥላል፤ በባዶው ቦታ የብርሃኑ ርዝራዥ ቀርቷል፣ ቀጥሎም ቀጭን የብርሃን መስመር ገብቶበታል፣ ዓለማትም የተገኙት ከዚያ በኋላ ነው።

እርግጥ የካባላ ሊቃውንት በአተረጓጎሙ ተከራክረዋል። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ጣሊያን ውስጥ ዮሴፍ ኤርጋስ «ምሳሌ ነው» ሲሉ፣ አማኑኤል ሐይ ሪኪ «ቃል በቃል ነው» አሉ። ሪኪ እንኳ የእግዚአብሔርን ጥበቃ ከዓለም አላራቁም።

ሐሲዳውያን የተባለው የአይሁድ መንፈሳዊ እንቅስቃሴ መምህር ሽኔዖር ዛልማን ደግሞ በ1796 እ.ኤ.አ. በታተመው «ታንያ» በተሰኘው መጽሐፋቸው ነገሩን ግልጽ አድርገውታል። አንጥረኛ የሠራው የብር ዕቃ ሠሪው ቢሄድም ይቆያል፤ ብሩ ቀድሞም ነበርና። ፍጥረት ግን ከምንም ነው የመጣው፤ የፈጠረው ቃል ለቅጽበት ቢለየው ወደ ምንምነቱ ይመለሳል። ማስረጃቸው መዝሙረ ዳዊት ነው፤ «አቤቱ፥ ቃልህ በሰማይ ለዘላለም ይኖራል»። በእሳቸው ትምህርት ብርሃኑ የተሸሸገው ከፍጡራን ዓይን ብቻ ነው፤ በፈጣሪ ዘንድ ምንም የተለወጠ የለም።

ስለዚህ ጽምጹምን የምትጠቅሱ ተማሪዎችም ሰባኪዎችም፣ እባካችሁ ባዶው ቦታ ላይ አታቁሙ፤ ቢያንስ መስመሩ እስከሚገባበት ድረስ አንብቡ።