ሰው ሞልቶ ባለሙያ ለምን ይጠፋል? ከኮምቦልቻ የልብስ ስፌት ፋብሪካዎች የሚሰሙ የተሳሳቱ አመለካከቶች

«ሥራ ፈላጊ በሞላበት ከተማ የሠራተኛ እጥረት የለም»

ሁለቱ አብረው ይኖራሉ። የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2009 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ለጀማሪ ኦፕሬተርነት (የስፌት ማሽን ሠራተኛነት) የሚመዘገብ ወጣት ከኮምቦልቻም ከደሴም ይመጣል። የሚታጣው ኦቨርሎክ (የጨርቅ ጠርዝ የሚሰፋው ማሽን) ክር ሲበጥስ ማሽኑን ፈትቶ የሚያስተካክል መካኒክ ነው።

«አሠልጥነን ለጎረቤት ፋብሪካ ነው የምናስረክበው»

ፍርሃቱ መሠረት አለው። ኢኮኖሚስቱ ጋሪ ቤከር እ.ኤ.አ. በ1964 እንዳስረዳው፣ የትም የሚያገለግል ሙያ ሲሆን ወጪውን ሠልጣኙ ራሱ በዝቅተኛ ደመወዝ ይሸፍናል። የጀማሪ ደመወዝ ከቤት ኪራይና ከምሳ በማያልፍበት አካባቢ ግን ከዚያ ወዴት ይወረዳል? ስለዚህ ማንም አይከፍልም።

አለማሠልጠንም ወጪ አለው። ለምሳሌ የቲሸርት እጅጌ መግጠም 0.5 ደቂቃ ይፈጃል እንበል፤ በ480 ደቂቃ የሥራ ቀን 960 ቲሸርት ማለት ነው። በ80 በመቶ ብቃት የምትሠራ ኦፕሬተር 768 ታወጣለች። እሷ ለቅቃ በ40 በመቶ የምትጀምር ስትተካ ምርቱ 384 ይሆናል። በስፌት መስመር ሥራው ከአንዷ ወደ ቀጣይዋ ስለሚተላለፍ፣ ተጠባባቂ ከሌለ ከእሷ በኋላ ያሉት ሁሉ ከ384 አያልፉም፤ ደመወዛቸው ግን ያው ነው። ይህ ኪሳራ «የሥልጠና ወጪ» ተብሎ የትም ስለማይመዘገብ ሥራ አስኪያጁ አያየውም። በየመስመሩ ሦስት አራት ሥራ የሚችሉ ተዘዋዋሪ ኦፕሬተሮችን መያዝና ለሚጨምሩት ለእያንዳንዱ ሥራ ጭማሪ መክፈል ከዚህ ኪሳራ ይረክሳል። በአዋጅ 1156/2011 ለቃቂ ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት አለበት ቢባልም፣ ደመወዝ በተከፈለ ማግስት ሳያሳውቅ ከሥራ የሚቀረው ብዙ ነውና በእሱ ብቻ አይታመኑ።

«ሲኦሲ (የሙያ ብቃት ምዘና) ያለፈ ለመስመር ዝግጁ ነው»

ምዘናው ሥራውን መቻሉን እንጂ ቀኑን ሙሉ በዚያው ፍጥነት መዝለቁን አያሳይም። ክፍተቱን መሙላት ያለበት ኮሌጅና ፋብሪካ በጋራ የሚሰጡት የትብብር ሥልጠና ነው፤ እሱም ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ፎርማኑ ጋ ነው። የቀን ኮታው ሳይቀነስለት ሠልጣኝ ከተሰጠው መጥረጊያ ያስይዘዋል፤ የሥልጠና መዝገቡም በመጨረሻው ሳምንት በአንድ ቀን ይፈረማል። ኮሌጁና ፋብሪካው የትኛው ማሽን ላይ፣ ስንት ሰዓት፣ በማን ፊርማ የሚለውን አስቀድመው ይጻፉ፤ የፎርማኑም ኮታ ይቀነስ።

«ደመወዝ ከተጨመረ እጥረቱ ያልቃል»

ለኦፕሬተር በአብዛኛው ልክ ነው፤ እንዲያውም የክህሎት እጥረት የሚባለው ብዙ ጊዜ የክፍያ ማነስ ነው። መካኒክ ግን ዓመታት ስለሚወስድ፣ ጭማሪው ለጊዜው ካንዱ ሼድ (የፋብሪካ ሕንፃ) ወደ ሌላው ከማዘዋወር አያልፍም።