ክሪምፕ ምንድን ነው? የድሮ መኪና ተርሚናል ለሚቀይር ሰው

ክሪምፕ ማለት የተላጠ የሽቦ ጫፍን በተርሚናሉ (በሽቦው ጫፍ ታስሮ ሶኬት ውስጥ በሚገባው ትንሽ ብረት) ጆሮዎች መሃል አስገብቶ፣ ያለ ስታኞና ያለ ብሎን፣ በልዩ ፒንሳ ጨፍልቆ ማሰር ነው። ግፊቱ ልክ ከሆነ የመዳቡ ክሮች ከተርሚናሉ ጋር እጅግ ስለሚጣበቁ እርጥበት መግቢያ ያጣል። ቮልስም ፔጆ 404ም ከፋብሪካ የወጡት በዚህ መንገድ ታስረው ነው። ዛሬ ኮፋኖ ሲከፈት የሚታየው ግን ብዙ ጊዜ በእጅ ተጠምዝዞ በናስትሮ የተጠቀለለ ሽቦ ነው።

ያረጀ ግንኙነት ብዙ ጊዜ ጨርሶ አይቋረጥም፤ በየጊዜው ትንሽ ትንሽ ቮልቴጅ ይሰርቃል። ሁለት ባለ 55 ዋት የፊት መብራቶች በ12 ቮልት 9 አምፔር ገደማ ይስባሉ። መንገዳቸው ላይ ያለ አንድ አረንጓዴ ዝገት የያዘ ተርሚናል 0.1 ኦም ብቻ ቢጨምር፣ 0.9 ቮልት እዚያው ይቀራል፤ 8 ዋት ገደማም በዚያች ትንሽ ብረት ላይ ሙቀት ሆኖ ይወጣል። ሶኬቱ ጠቁሮ የሚቀልጠው ለዚህ ነው። የሃሎጅን አምፖል ደግሞ ቮልቴጁ በ10 በመቶ ሲወርድ ብርሃኑ 30 በመቶ ያህል ይጎድላል። በኮምቦልቻና በደሴ መሃል ያለውን የሐረጎን ዳገት በጉም ለሚወጣ ሾፌር ይህ ትልቅ ጉድለት ነው። የጥንቶቹ ባለ 6 ቮልት ቮልሶች ለዚያው ዋት እጥፍ አምፔር ስለሚፈልጉ ይብስባቸዋል። ከሞቃቱ ኮምቦልቻ ወጥቶ ደሴ የሚያድር መኪና ላይ ሌሊቱን ሲቀዘቅዝ በየሶኬቱ ጤዛ መያዙም አረንጓዴውን ያፋጥነዋል።

ከመቁረጥ በፊት መለካት ይቀድማል። ቴስተሩን 20 ቮልት ዲሲ ላይ አድርጎ፣ መብራቱ በርቶ ሳለ፣ አንዱን ጫፍ ከግንኙነቱ በፊት ሌላውን ከግንኙነቱ በኋላ ማስነካት ነው። ከ0.1 ቮልት በታች ካሳየ ደህና ነው፤ ከባትሪ እስከ አምፖል ድምሩ ከ0.5 ካለፈ ግን መፈለግ አለበት። በኦም መለካት እዚህ ላይ ያታልላል፤ ከሠላሳ ክር አንዱ ብቻ ቢቀርም ቴስተሩ ዜሮ አካባቢ ያነባል።

ሥራው ሲጀመር ከባትሪው ኔጌቲቩን መፍታት፣ ሶኬቱን በስልክ ፎቶ ማንሳት፣ ከዚያ አንድ በአንድ መቀየር። ሁሉንም ቆርጦ በአንዴ ለመመለስ መሞከር የፍሬቻና የመብራት ሽቦ ያቀላቅላል። ተርሚናሉን ከፕላስቲኩ ለማውጣት ከፊት በኩል ቀጭን ብረት አስገብቶ የምትቆልፈውን ምላስ መጫን እንጂ ሽቦውን መጎተት አያስፈልግም። ሽቦው ከ5 እስከ 6 ሚሊሜትር ይላጣል። መዳቡ ጥቁር ከሆነ የሚያብረቀርቅ እስኪገኝ ወደ ኋላ መቁረጥ ግድ ነው፤ ጥቁሩ ላይ የተጨፈለቀ ተርሚናል ከአሮጌው አይሻልም። ሽቦው ካጠረ ተመሳሳይ ውፍረት ባለው ሽቦ ይቀጠላል።

የተርሚናሉ ጆሮዎች ሁለት ጥንድ ናቸው። የፊቶቹ መዳቡን፣ የኋለኞቹ ላስቲኩን ይይዛሉ። የኋለኞቹ ንዝረቱን ስለሚሸከሙ እነሱን መተው ሽቦውን በጥቂት ወራት ያስበጥሳል። በተራ ፒንሳ መጨፍለቅ መዳቡን ጠፍጣፋ ያደርገዋል እንጂ አያጠብቀውም፤ ጆሮዎቹን ወደ ውስጥ የሚጠቀልለው፣ ሳይጨርስ የማይለቀው የክሪምፕ ፒንሳ ነው የሚያስፈልገው። ላስቲክ የለበሱት ባለ ቀለም ተርሚናሎች ከተገዙ ቀዩ ከ0.5 እስከ 1.5፣ ሰማያዊው ከ1.5 እስከ 2.5፣ ቢጫው ከ4 እስከ 6 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ ይይዛል። ሰፊውን በቀጭን ሽቦ ላይ ማጥበቅ አይቻልም፣ ይሾልካል። ሲያልቅ በእጅ ጠንከር አድርጎ መሳብ ነው፤ ከወጣ ቆርጦ እንደገና።

ስታኞስ? ቤት ውስጥ ላለ ሬዲዮ ጥሩ ነው። መኪና ላይ ግን ስታኞው በክሮቹ መሃል እየሳበ ገብቶ ሽቦውን ያደርቀዋል፣ ደረቁና ለስላሳው በሚገናኙበት ቦታም በንዝረት ይበጠሳል። አሲድ ያለው ማጣበቂያ ከተጨመረበት ደግሞ መዳቡን ይበላዋል።

የላላ ሴቴ (ሌላውን ወደ ውስጥ የሚቀበል) ተርሚናልን በፒንሳ ጠበቅ ማድረግ ለመንገድ ያህል ካልሆነ አይረዳም፤ ሙቀት የመታው ብረት ስፕሪንግነቱን አጥቷልና መልሶ ይላላል።

ሽቦ ሲገዙ አንድ ክር በምላጭ መፋቅ ይጠቅማል። ከላይ ቀይ ሆኖ ውስጡ ነጭ ከወጣ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው፤ በክሪምፕ ሥር ይላላል። ከላይ ነጭ ሆኖ ሲፋቅ ቀይ የሚወጣው ግን ቆርቆሮ የተቀባ መዳብ ስለሆነ እርጥበትን እንዲያውም የበለጠ ይችላል።

ቮልስ ላይ ሥራው ተርሚናል ብቻ አይደለም። የፊውዙ ሁለት ጫፎችና የሚይዟቸው ምላሶች ስለሚቆሽሹ ያልተቃጠለ ፊውዝ ይዞ መብራት ይደበዝዛል። በደቃቅ ካርታቬትራ አጽድቶ ነጩን 8 አምፔር በነጭ፣ ቀዩን 16 በቀይ መተካት ነው እንጂ በሲጋራ ወረቀት ብርማ መጠቅለል እሳት መጥራት ነው። ቦዲ ላይ የሚታሰረው ኔጌቲቭም ቀለሙ እስከ ብረቱ ተፍቆ፣ ባለ ጥርስ ሮንዴላ ገብቶበት ይጠበቅና ከላዩ ግሪስ ይቀባል። የባትሪው ኔጌቲቭ የሚመለሰው ከሁሉም በኋላ ነው።