የአከርካሪ ብሬስ መልክና የታዳጊዎች ፈቃደኝነት

ስኮሊዮሲስ አከርካሪ ወደ ጎን የሚጣመምበት ሕመም ነው። መነሻው በውል የማይታወቀውና በብዛት የሚታየው ዓይነቱ ከ10 ዓመት ዕድሜ በኋላ፣ ቁመት በፍጥነት በሚጨምርበት ጊዜ ይከሰታል፤ ሕክምና እስኪያሻው ድረስ የሚባባሰውም በአብዛኛው በልጃገረዶች ላይ ነው። ብሬስ፣ ማለትም ጥመቱ እንዳይባባስ አካል ላይ የሚታሰረው መደገፊያ፣ የሚጠቅመው አጥንት አድጎ ሳይጨርስ ስለሆነ የሚታዘዘው ልጆች ስለ መልካቸው አብዝተው በሚጨነቁበት ዕድሜ ነው።

በ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አሜሪካዊው ሐኪም ዋልተር ብላውንት ከአልበርት ሽሚት ጋር የሠራው ሚልዋኪ ብሬስ ለብዙ ዓመታት ዋነኛው ምርጫ ነበር። ከዳሌ መቀነቱ ከፊት አንድ፣ ከኋላ ሁለት የብረት ዘንጎች ተነስተው አንገትን የሚከብ ቀለበት ላይ ይገናኛሉ። ይህን ቀለበት የትኛውም ኮሌታ አይሸፍነውም። በቀን 23 ሰዓት አድርጉት ይባል ነበር፤ ታዳጊዎች ግን ሁልጊዜ አያደርጉትም ነበር።

በ1970ዎቹ መጀመሪያ ጆን ሆልና ቢል ሚለር በቦስተን የሕፃናት ሆስፒታል ያዘጋጁት ቦስተን ብሬስ ከብብት በታች የሚቀር ፕላስቲክ ስለሆነ ሰፋ ባለ ልብስ ይደበቃል። በእርግጥም ትልቅ እመርታ ነበር፣ ምንም እንኳ በላይኛው ደረት ላለ ጥመት ብዙም ባይረዳ።

ልጆቹ ብሬሱን በእውነት ስንት ሰዓት እንደሚያደርጉት በአስተማማኝ መንገድ የታወቀው የሙቀት መለኪያ ውስጡ ከተተከለ በኋላ ነው። በ2013 በታተመው፣ በአሜሪካና በካናዳ በተካሄደው ጥናት ብሬስ ከታዘዘላቸው 72 በመቶ፣ ያለ ብሬስ ክትትል ከተደረገላቸው 48 በመቶ የሚሆኑት ጥመታቸው ለቀዶ ሕክምና እስከሚያደርስ ደረጃ አልጨመረም። በቀን በአማካይ ከ12.9 ሰዓት በላይ ካደረጉት መካከል ውጤቱ ከ90 በመቶ አልፏል። ስለዚህ ልጅቷ ባፈረች ቁጥር የምታወልቀው ብሬስ የቱንም ያህል በጥበብ ቢሠራ ከመድኃኒቱ ግማሹን እንዳልወሰደች ይቆጠራል።

ሞንትሪያል ውስጥ የተፈለሰፈው የጨርቅ ብሬስ፣ ስፓይንኮር፣ ከልብስ ስር እምብዛም አይታይም። ሆንግ ኮንግ ላይ ከጠንካራው የፕላስቲክ ብሬስ ጋር ሲነጻጸር ግን ጥመቱን በመግታት አንሷል፤ በታካሚዎች ተቀባይነትም ጎልቶ አልበለጠም። መደበቅ ብቻውን በቂ አይመስልም።

ሌሊት ብቻ የሚደረጉም አሉ።

ዛሬ ልጅቷ የመረጠችው ቢራቢሮ ወይም አበባ ፕላስቲኩ ሳይቀዘቅዝ ይታተምበታል። በሦስት አውታር (3D) ማተሚያ የሚሠሩት ደግሞ ቀጫጭንና ባለ ቀዳዳ ናቸው። የብሬስ ባለሙያው ትልቁ ጥበብ ግን ጠርዝ ላይ ነው፦ ታካሚዋን ወንበር ላይ አስቀምጦ ጭኗ የሚነካበትን ቦታ በእርሳስ ያሰምራል፣ ጥቂት ሚሊሜትር ይቆርጣል፣ ያለሰልሳል፣ እንደገና ያስቀምጣታል፤ ስትቀመጥ ፕላስቲኩ ወደ ላይ ተገፍቶ ሸሚዟ ስር እንዳያብጥ።