እንዴት ያሉ ሕንጻዎች እንደ ሆኑ እይ

የተወደዳችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ የጌታ ሰላም ከእናንተ ጋር ይሁን።

ሰሞኑን የካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ ማስፋፊያ የገቢ ማሰባሰቢያ ነገር በየቁምስናው ሲነሳ ሰንብቷል። አዲስ ቤተ መጻሕፍት፣ ቤተ ሙከራ፣ የተማሪዎች ማደሪያ። የሕንጻው ንድፍ በትልቁ ታትሞ ደጀ ሰላሙ ላይ ተለጥፏል። ደስ ይላል። ስብከቱም እንደተለመደው ሁለት ናስ ስለጣለችው ድሀ መበለት ነበር። ቅር ያለኝ እዚህ ላይ ነው።

ይህን ወንጌል ሁልጊዜ ቆርጠን እናነበዋለን። ማርቆስ 12፥41 ላይ ጀምረን 44 ላይ እንዘጋለን። መጽሐፉን እናጥፍና ሙዳየ ምጽዋቱን እናዞራለን። እስቲ ዛሬ ከፊቱና ከኋላው ያለውን እንይ።

ከፊቱ ያለው ቁጥር 40 ነው። ጌታ ስለ ጻፎች ሲናገር የመበለቶችን ቤት የሚበሉ፣ ጸሎታቸውንም በማስረዘም የሚያመካኙ፣ እነዚህ የባሰ ፍርድ ይቀበላሉ ይላል። ልብ በሉ። ቤታቸው የተበላባቸው መበለቶች ተነሥተው ሳያበቃ አንዲት መበለት ገባች። በእጇ ሁለት ናስ አለ። ያላት እሱ ብቻ ነው።

ጌታ በመዝገቡ፣ በመቅደሱ የገንዘብ ሣጥን፣ አንጻር ተቀምጧል። ቆሞ አይደለም፣ እያለፈም አይደለም። ተቀምጦ ሕዝቡ ገንዘብ እንዴት እንደሚጥሉ ያያል። ብዙ ሀብታሞች መጡ፤ ብዙ ጣሉ። ስለ እነሱ ትንፍሽ አላለም። ሴትዮዋ ጣለች፣ ያን ጊዜ ደቀ መዛሙርቱን ጠራ። «ሁሉ ከትርፋቸው ጥለዋልና፤ ይህች ግን ከጉድለትዋ የነበራትን ሁሉ ትዳርዋን ሁሉ ጣለች» አላቸው። ትዳርዋን ያለው መተዳደሪያዋን ነው። እሷን እንዳነጋገራት ወንጌሉ አይነግረንም። ስሟንም አይነግረንም።

እኔ ይህን ሳነብ ምስጋና ብቻ አይሰማኝም፤ ሐዘንም አለበት። ጌታ ልቧን አከበረ። ግን ያላትን ሁሉ አራግፋ የወጣችው፣ የመበለት ቤት በሚበሉ ሰዎች ዘመን ነው። ስለዚህ ይህን ጥቅስ ይዘን ድሀው ፊት ቆመን «አንተም እንደ እሷ ያለህን ሁሉ ጣል» ስንል መጠንቀቅ አለብን። ጌታ እንዲህ አላለም። ያያትን አሳየን እንጂ አምጡ ብሎ አልለመነባትም።

የኋላው ደግሞ ይብሳል። ምዕራፍ 13 ሲከፈት ከመቅደስ እየወጡ ነው። ከደቀ መዛሙርቱ አንዱ፦ «መምህር ሆይ፥ እንዴት ያሉ ድንጋዮችና እንዴት ያሉ ሕንጻዎች እንደ ሆኑ እይ» አለው። አይ ደቀ መዝሙር! ገና አሁን ስለ መበለቷ ነግሯችሁ ነበር እኮ። የእሱ ዓይን ግን ድንጋዩ ላይ ነው። የጌታ መልስ ምን ነበር? «ድንጋይ በድንጋይ ላይ ሳይፈርስ በዚህ አይቀርም።» እንዳለውም ሆነ። እ.ኤ.አ. በ70 የሮማ ሠራዊት መቅደሱን አወደመው።

ታዲያ ሕንጻ መሥራት ከንቱ ነው ማለት ነው? አይደለም። እንዲያ የሚሉ ሰዎችም አሉ፤ አብዛኞቹ ላለመስጠት ምክንያት የሚፈልጉ ናቸው። ተማሪ ሜዳ ላይ አይማርም። ግን ድንጋዩን የሚያስከብረው ውስጡ የሚቀመጠው ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1879 በአሜሪካ የኖተር ዳም ዩኒቨርሲቲ ዋና ሕንጻ በኤፕሪል ወር በእሳት ጋየ። መሥራቹ አባ ኤድዋርድ ሶሪን የ65 ዓመት አዛውንት ነበሩ። እንደገና ተሠራ፤ በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ተማሪዎች ተመልሰው ገቡ። ሕንጻው ሲቃጠል ዩኒቨርሲቲው አልተቃጠለም።

ስለ ገንዘብና ስለ ካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ ሲወራ እኔ የምወዳት አንዲት ሴት ትዝ ትለኛለች። ብፅዕት አርሚዳ ባሬሊ። እ.ኤ.አ. በ1882 ሚላኖ ከሀብታም ቤተሰብ ተወለደች። አላገባችም፣ ገዳምም አልገባችም። በዓለም እየኖረች ራሷን ለእግዚአብሔር ሰጠች። የፍራንሲስካውያኑ ካህን አባ አጎስቲኖ ጄሜሊ ካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ ለማቋቋም ሲነሱ ከመሥራቾቹ አንዷ ሆነች። የደረሳት ሥራ ግን የሚያስቀና አልነበረም፤ ገንዘብ ያዥነት። ገንዘብ ያዥ ሆኖ ብፅዕና እንዴት ይሆናል አትበሉ፤ ይኸው ሆነ።

ዩኒቨርሲቲው በ1921 ሲከፈት በቅዱስ ልበ ኢየሱስ ስም እንዲጠራ አጥብቃ የያዘችው እሷ ናት። ስሙ ለትምህርት ተቋም አይመችም ያሉም ነበሩ። አልተበገረችም። በ1924 ደግሞ በጣሊያን ቁምስናዎች ሁሉ ስለ ዩኒቨርሲቲው የሚጸለይበትና መዋጮ የሚሰበሰብበት ቀን ተጀመረ። በ2024 ለመቶኛ ጊዜ ተከብሯል። መዋጮ ብቻ አይደለም፣ ጸሎትም አለበት። ብዙ ገንዘብ ያለው አንድ ሰው ሰጥቶ አይበቃም ወይ? ለግንባታው ይበቃ ይሆናል። ግን የገጠር ቁምስና ሰው ስለማያውቃቸው ተማሪዎች አንድ እሑድ ሲጸልይ፣ ትንሽም ሲጥል፣ ዩኒቨርሲቲው የእሱም ይሆናል። በ1930ዎቹ መጀመሪያ ዩኒቨርሲቲው ሰፋ ወዳለው፣ በቅዱስ አምብሮስ ባዚሊካ አጠገብ ወዳለ የቀድሞ ገዳም ሲዛወር ባለቤቱ ብዙ ነበር።

አርሚዳ በመጨረሻ ዘመኗ በያዛት ሕመም መናገር ተሳናት። ስንቱን ሰው በንግግሯ ያስነሣች ሴት ድምፅዋን አጣች። በ1952 በፍልሰታ ለማርያም በዓል ዐረፈች። በ2022 ቤተ ክርስቲያን ብፅዕት ብላ ሰየመቻት።

አሁን ወደ እኛ ልመለስ። ሁለት ናስ ተሰብኮ ሲያበቃ የምስጋና ዝግጅት ይደረጋል። የፊት ወንበር ለማን ነው? ትልቅ ቼክ ለጻፈው። ፎቶውስ ከማን ጋር? ከእሱው ጋር። ሁለት ናስ የሰጠችዋ እናት ጓሮ ቆማ ታጨበጭባለች። ያዕቆብ በመልእክቱ ምዕራፍ 2 የወርቅ ቀለበት ያደረገውን «በዚህ በመልካም ስፍራ ተቀመጥ»፣ ድሀውን «አንተስ ወደዚያ ቁም» የምትሉ ብሎ የገሠጸን ለዚህ ነው። ለመስበክ መበለቷን፣ ለማክበር ሀብታሙን። ኧረ እንፈር!

ሀብታም ወንድሞቼን ማስቀየም አልፈልግም። እናንተ ባትሰጡ ብዙው ነገር አይሠራም፣ እግዚአብሔር ይስጣችሁ። ስማችሁ ግድግዳ ላይ ቢጻፍም ኃጢአት አይደለም። ስሜ ካልተጻፈ፣ ከእገሌ ስም በላይ ካልሆነ ብላችሁ ስትጣሉ ግን ስጦታው ቀርቶ ግዢ ሆነ።

ለዩኒቨርሲቲው አስተዳዳሪዎች ደግሞ ይህ ይድረስ። ቅዱስ ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ እ.ኤ.አ. በ1990 ስለ ካቶሊክ ዩኒቨርሲቲዎች ባወጡት ሐዋርያዊ ደንብ ቁጥር 34 ላይ፣ የዩኒቨርሲቲ ትምህርት መማር ለሚችል ሁሉ፣ በተለይም ለድሆች ተደራሽ እንዲሆን ያሳስባሉ። ሕንጻው ሲያምር ክፍያውም አብሮ ሰማይ ከነካ፣ መበለቷ በናሷ ያቆመችውን ግድግዳ ልጇ ከውጭ ቆሞ ሊያየው ነው። ይህማ ቤቷን መብላት ነው። ቁጥር 40 የተጻፈው ለእኛ አይደለም አትበሉ። ሕገ ቀኖናም ግልጽ ነው። በቀኖና 1267 መሠረት ምእመናን ለአንድ ዓላማ የሰጡት ለዚያው ዓላማ ብቻ ይውላል። በቀኖና 1287 መሠረት ደግሞ ስለ ሰጡት ሒሳብ ይነገራቸዋል። ሒሳብ የጠየቀ ምእመን ተጠራጣሪ አይባልም። ቅዱስ ጳውሎስ እንኳ ለኢየሩሳሌም ቅዱሳን የተሰበሰበውን ሲያደርስ፣ በጌታ ፊት ብቻ ሳይሆን በሰው ፊትም መልካም የሆነውን እናስባለን ብሏል።

አንቺ ትንሽ ሰጥተሽ ሼም የያዘሽ እህቴ፣ ፖስታውን አጣጥፈሽ ማንም ሳያይሽ የከተትሽ፣ ጌታ በመዝገቡ አንጻር ነው የተቀመጠው። አይቶሻል። የልጆችሽን ቁርስ ግን አትስጪ፤ እሱን ማንም አይጠይቅሽም፣ ከጠየቀሽም እንቢ በይ። ምንም የሌለሽም ብትሆኚ ስለ ተማሪዎቹ አንዲት መቁጠሪያ ድገሚ። አርሚዳ ባሬሊ ገንዘብ ያዥ ስለነበረች፣ የዚያን ዋጋ የምታውቅ ይመስለኛል።

የቀረችኝ አንድ ነገር ናት፣ እሷም ደስ አትልም። በዝግጅቱ ላይ በጭብጨባ ቃል የገባችሁ፣ ከዚያ ስልክ የማታነሱ፣ እናንተን ነው። መክብብ 5 «ተስለህ የማትፈጽም ከሆነ ባትሳል ይሻላል» ይላል። አቅም ካነሰ ሄዳችሁ ንገሩ። ይህን ያህል ብዬ ነበር፣ አልቻልኩም፣ ይህን ያህል እሰጣለሁ በሉ። ኮሚቴው ይረዳችኋል። ኮንትራክተሩ ግን በጭብጨባ ብረት አይገዛም።