ቀይ ስለሆነ ደም አይሆንም፦ ስለ ብረት ማዕድን የምንሳሳታቸው ነገሮች

እህቴ በወለደች በሦስተኛ ወሯ «ደም ማነስ አለብሽ» ተባለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጎረቤቱ ሁሉ ቀይ ስር ይዞ ይመጣል፣ እናቴ ትጨምቃለች፣ እህቴ ትጠጣለች። ምሳ ተበልቶ እጅ ሲታጠብ ደግሞ ቡናው ይፈላል፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ። ሁለት ወር ቆይታ ስትመረመር ደሟ ከነበረበት ፈቀቅ አላለም። ሰውነት ደም ለመሥራት ስለሚያስፈልገው የብረት ማዕድን፣ ጤና ጣቢያ «አይረን» ስለሚሉት ነገር፣ ማንበብ የጀመርኩት ያኔ ነው። ችግሩ የእኛ ቤት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 በአገራችን በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ6 እስከ 59 ወር ዕድሜ ካላቸው ሕፃናት 57 በመቶው፣ ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች ደግሞ 24 በመቶው ደም ማነስ ነበረባቸው።

«ቀይ ስር ደም ይተካል»

መቶ ግራም ቀይ ስር ውስጥ ያለው ብረት አንድ ሚሊ ግራም አይሞላም። በመውለጃ ዕድሜ ያለች ሴት በቀን 18 ሚሊ ግራም ያስፈልጋታል፤ ነፍሰ ጡር ከሆነች 27። ቅላቱ የተክሉ ቀለም ነው፤ ከደም ጋር ዝምድና የለውም። ቀይ ስር መጥፎ ምግብ ነው ማለቴ አይደለም። ግን በብረት ከሆነ የምንጥለው ቅጠሉ ይበልጠዋል፤ መቶ ግራም የተቀቀለ ምስርም ከሦስት ሚሊ ግራም በላይ ይሰጣል።

«ጤፍ የሚበላ ሰው ብረት አይጎድለውም»

ይህን ለማረም ከባድ ነው፤ ምክንያቱም ግማሹ እውነት ነው። ጤፍ የራሱ ብረት አለው። ነገር ግን ሲለካ የሚገኘው ያ ትልቅ ቁጥር በአብዛኛው የአፈር ነው። ጤፍ ደቃቅ እህል ነው፤ አውድማ ላይ በበሬ ሲወቃ አፈሩ ይቀላቀለዋል፣ አፈሩ ውስጥ ደግሞ ብረት አለ። ታጥቦ ሲለካ ቁጥሩ በጣም ይወርዳል። የአፈሩን ብረት ሰውነታችን እምብዛም አይጠቀምበትም። «ለደም ቀዩ ጤፍ ነው» የሚባለውም እንዲሁ ነው፤ ከአፈር ከጸዱ በኋላ የቀዩና የነጩ ልዩነት እንደሚወራው ሰፊ አይደለም።

የጤፉ የራሱ ብረት ደግሞ ፋይቴት የሚባል ንጥረ ነገር ይዞታል፤ አንጀት በቀላሉ አያገኘውም። እዚህ ላይ እናቶቻችንን የሚያስመሰግን ነገር አለ፦ እርሾ። ሊጡ ሲቦካ ፋይቴቱ ይቀንሳል። በደንብ የቦካ እንጀራ በችኮላ ከተጋገረው የሚሻለው በጣዕም ብቻ አይደለም።

«ከምግብ በኋላ ቡና ምንም አያደርግም»

ያደርጋል። እኛ ቤት የነበረው ትልቁ ጥፋትም ይህ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1983 የታተመ ጥናት፣ ከምግብ ጋር የተጠጣ ቡና ሰውነት ከዚያ ማዕድ የሚወስደውን ብረት በ39 በመቶ፣ ሻይ ደግሞ በ64 በመቶ እንደቀነሰ አሳይቷል። ቡናው ከምግብ በኋላ አንድ ሰዓት ቆይቶ ሲጠጣም ጉዳቱ ያው ነበር። ከምግብ አንድ ሰዓት አስቀድሞ ሲጠጣ ግን ምንም አልቀነሰም።

ቡና ተዉ አልልም፤ ቡና ጎረቤት የሚሰበሰብበት ነው። ሰዓቱን ብቻ ግፉት። ምሳ በሰባት ሰዓት ከተበላ ቡናው ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ይፍላ።

በአንጻሩ ቫይታሚን ሲ የእህልና የአትክልቱን ብረት እንዲገባ ይረዳል። ሙቀት ስለሚያጠፋው ጥሬውን ነው የምንፈልገው፦ ሎሚ፣ ቃሪያ፣ ቲማቲም፣ ብርቱካን። ጾመኛ ብረት አያገኝም ለሚል ሰው አዚፋን አሳዩት፤ ምስሩ ብረቱን፣ ሎሚውና ጥሬው ቃሪያ መግቢያውን ይዘው አንድ ሳህን ላይ ይቀርባሉ።

«በብረት ድስት ስለምንሠራ ብረት እናገኛለን»

እዚህ ያሳሳተን ቋንቋችን ነው። ሸክላ ያልሆነውን ሁሉ «ብረት ድስት» እንላለን፤ አብዛኛው ግን አሉሚኒየም ነው፣ የሚሰጠን ብረት የለም። እውነተኛው ብረት ከባድ፣ ጥቁር፣ ውኃ ሲያድርበት የሚዝግ ነው፤ ቡና እንደምንቆላበት ብረት ምጣድ። በዚያ ከተሠራ ወሬው እውነት ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1999 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ፣ ትግራይ ውስጥ የተካሄደ ጥናት፣ በእውነተኛ ብረት ድስት የበሰለ ምግብ የበሉ ሕፃናት በአሉሚኒየም ከበሰለላቸው ይልቅ ደማቸው ከፍ ማለቱን አሳይቷል። ቲማቲም የበዛበት ወጥ ብረቱን ከድስቱ የበለጠ ይስባል።

«ጥሬ ሥጋ ለደም ይበልጣል»

የሥጋን ብረት ሰውነት ከእህሉ ይልቅ በቀላሉ ይወስደዋል፤ ይህ እውነት ነው። መብሰሉ ግን ብረቱን አያጠፋውም። ጥሬው የሚጨምረው ኮሶን ነው። ከጎመን ጋር የበሰለ ጥቂት ሥጋ የጎመኑንም ብረት እንዲገባ ያግዛል።

«ልጁ ወተት እስከጠጣ ድረስ ምን ይጎድለዋል?»

ብረት። የላም ወተት ውስጥ ብረት የለም ማለት ይቻላል። አንድ ዓመት ያልሞላው ሕፃን የላም ወተት እንደ ዋና መጠጥ ሊሰጠው አይገባም። ከዚያ በላይ የሆነውም ወተት አጥግቦት ምስርና እንቁላል እምቢ ካለ ደሙ ይወርዳል።

«ደም ማነስ በምግብ ይድናል»

አንዴ ከወረደ ምግብ ብቻውን አይመልሰውም። እህቴን የመለሳት የብረት ክኒን ነው፤ ምግቡ የተመለሰው እንዲቆይ አደረገ። ደግሞም ደም ማነስ ሁሉ ከምግብ አይመጣም፤ ወባ፣ የአንጀት ትል፣ የበዛ የወር አበባም ያመጡታል። ስለዚህ መጀመሪያ ምርመራ። ክኒኑን ከቡና፣ ከሻይና ከወተት አርቃችሁ ውሰዱት። ሰገራ ቢጠቁር አትደንግጡ፣ የክኒኑ ጠባይ ነው። ልጆች ከማይደርሱበት ቦታም አስቀምጡት፤ ከረሜላ መስሏቸው ብዙ ከዋጡ ለሕይወታቸው ያሰጋል።